የማታው ንባብ

ወር 22፣ ሰኞ

ፕሮጀክቱ ወርን በስሙ አይጠራም። ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ወር አንድ፣ ወር ሁለት እያለ እስከ ሠላሳ ስድስት ይቆጥራል። መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ይህንንም ደብተር በዚያው እቆጥራለሁ። መዝገብ ላይ ቁጥር እንጂ ወሬ አይጻፍም። ወሬው እዚህ ይቀመጥ።

የአውሮፓ ኅብረት ቅጽ ዛሬ እንደገና መጣ። «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሳጥን አለው። ባዶ ብተወው ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። «ስድስተኛ ክፍል» ብዬ ሞላሁት። ጸሐፊዋ በትከሻዬ በኩል አየችና፣

«ጋሼ፣ ይሄን አይተው ቢደነግጡስ?» አለች።

«ይደንግጡ።»

የቀረውን የተማርኩት ከመሣሪያ መመሪያዎች ነው፤ መዝገበ ቃላት በግራ፣ መመሪያው በቀኝ። ለዚያ ግን ሳጥን የላቸውም።

የፕሮጀክቱ ነገር አጭር ነው። ገና ያልጠነከሩ አገሮች የምርምር ተቋማት ከጠነከሩት ጋር ተጣምረው አቅም ይገንቡ ነው የሚለው። ሁለት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ፣ እኛ እንማራለን፣ በመጨረሻ ለታችኛው መንደር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እንሠራለን። በወረቀት አስተባባሪው ዳይሬክተሩ ናቸው። ሪፖርቱ፣ የሥራ ሰዓት ቅጹ፣ ስብሰባው፣ ጭቅጭቁ ግን በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። እኛ ይዘን የቀረብነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠዋትና ማታ የተነበበ የወንዝ ከፍታ። ማመልከቻው ላይ «አንድም ቀን ሳይቋረጥ» የሚለውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። የተመረጥነውም በዚያች ቃል ነው ብለውኛል።

ቤታችን ከመለኪያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው እስከ ወንዙ መቶ አሥራ ስድስት የድንጋይ ደረጃ አለ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ወርጄ ውሃው ውስጥ የቆመውን የመለኪያ ዘንግ አነብባለሁ፤ ከዚያ ከተማ ወደ ቢሮ። ለማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ድሮ አንድ ሠራተኛ ነበር፤ ሲወርድም ሲወጣም ስለሚያፏጭ «ፉጨት» ነው የምንለው። ሦስት ቀን ሳይወርድ ቁጥር ፈጥሮ ጻፈ፤ አባረርኩት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የማታውን ንባብ የወሰደችው ሚስቴ ናት። «እኔ እወርዳለሁ» አለች፤ ማንም ሳያስገድዳት። ጡረታ ወጥቼ በውል ከተመለስኩ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው፣ የማታውንም እኔው አነብባለሁ።

አሁን ከተኛች ሦስተኛ ወሯ ነው። ልቧ ደክሟል፣ እግሮቿ አብጠዋል። አልጋዋን መስኮት አጠገብ አድርገንላታል፤ ወንዙ ግን ከዚያ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ማታ ስመለስ ገና ደጃፍ ላይ ሳለሁ፣

«ስንት ነው?» ትላለች።

«አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።»

«ጨምሯል።»

«ጨምሯል።»

ይኸው ነው ጨዋታችን። አርባ አራት ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው ይበቃል።

ወር 22፣ ረቡዕ

ከአጋሮቹ ጋር ስብሰባ፣ በኢንተርኔት። ሁለት ሰዓት ተኩል። ስልኮች ሁሉ ተዘግተው በር ላይ ካለችው ካርቶን ውስጥ ገቡ፤ የዳይሬክተሩም ጭምር። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው እየተናገረ ስልክ የሚነካካ ሰው አልወድም።

ረጅሙ ፕሮፌሰር፣ ቁመቱ ስክሪን አልገባ ብሎ ግንባሩ የሚቆረጠው፣ «እንዲህ ያለ መዝገብ እኛም የለንም» አለ። ልጄ ናት የተረጎመችልን። ተርጉማ ስታበቃ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ትንሽ ሆና ስታጠፋ እንዲህ ታደርግ ነበር። ዛሬ ዶክተር ናት፤ ከአጋሮቹ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተምራ መጥታ የመዝገቡን ቁጥሮች የምትመረምረው እሷ ናት።

ኮሪደር ላይ ጸሐፊዋ ለዳይሬክተሩ ሹፌር ስትል ሰማሁ፦ «ሽማግሌው ወንዙ ቢያስነጥሰው ይማርህ ይላል። ሰው ቢሞት ግን በስንት ሰዓት ነው ብሎ ይመዘግባል።» ሳቁ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ።

ማታ 1 ሜትር ከ71። ነገርኳት። «ጨምሯል» አለች።

ወር 22፣ ዓርብ

ልጄ ቢሮዬ ገባች።

«አባባ፣ በሩን ልዝጋው?»

«እዚህ ቢሮ የሚዘጋ በር የለም።»

«ዛሬ ይዘጋ።»

ዘጋችውና ኮምፒውተሯን ፊቴ ከፈተች። ፕሮጀክቱ በስምንተኛው ወር ወንዙ ላይ በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ተክሏል። መሣሪያው እንደሚያሳየው፣ በዝናብ ወራት የማታው ከፍታ ከጠዋቱ በሃያ፣ በሠላሳ፣ አንዳንዴም በስልሳ ሴንቲ ይለያል። የእኔ የስድስት ዓመት የማታ ንባብም እንደዚያው ነው። የፉጨትም እንደዚያው ነው።

«የእማዬ ግን አንድ ሴንቲ ነው፣ ሁለት ሴንቲ ነው» አለች። «የመጀመሪያው ዓመት ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ጠዋት እርስዎ የጻፉት ላይ አንድ ወይ ሁለት እየተጨመረ ነው።»

«መሣሪያችሁን አስመርምሩ።»

«መሣሪያው ደህና ነው።»

«እንግዲያስ ሒሳብሽን።»

«ሒሳቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ወንዙ አሥር ዓመት ተኝቶ ነበር እንዴ?» አለች።

ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። በሩን ግን ዘግታው ሄደች።

ማታ 1 ሜትር ከ58። «ስንት ነው?» አለች። ነገርኳት።

ወር 22፣ ቅዳሜ

አሥር ዓመት። አይሆንም።

የእጅ ጽሕፈቷን አየሁ። ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ሁልጊዜ አመሰግናት ነበር፤ «እንዳንቺ ንጹሕ የሚጽፍ የለም» እላት ነበር።

ንጹሕ ነበር።

ወር 22፣ እሑድ

ጎርፍ ድልድዩን የወሰደበትን ቀን መዝገብ ገለጥኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ያን ሳምንት ከተማ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱንም ንባብ የወሰደችው እሷ ናት። ጠዋት 1 ሜትር ከ38። ማታ 1 ሜትር ከ40።

ከአጠገቡ፣ በሌላው ዓምድ፣ የራሴ ጽሕፈት አለ። ስመለስ የወንዙ ዳር ግድግዳ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ለክቼ ጽፌዋለሁ፤ 4 ሜትር ከ15። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ጎርፉ ከጨለመ በኋላ የመጣ ነው ብዬ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም። መዝገቡ አለ፣ ማንን ልጠይቅ?

ያኔ ፉጨት ብቻ ነበር የተናገረው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ጋሼ፣ ጎርፉ የመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ሳለ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለ። እኔም «አንተ ደግሞ ዓይን አለህ እንዴ?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት።

ዝናቡ አላባራም። ማታ 1 ሜትር ከ77። እራት አልፈለግሁም። ስትጠይቀኝ ካፖርቴን እየሰቀልኩ ነበር። አልመለስኩላትም። ያልሰማሁ መሰላትና እንደገና ጠየቀች። ወደ ጓዳ ገባሁ።

ወር 23፣ ማክሰኞ

ሪፖርት። የሥራ ሰዓት ቅጽ፣ የአሥራ አንድ ሰው። ሁለት ሰው ዓመት በዓልን እንደ ሥራ ቀን ሞልቷል፤ መለስኩባቸው።

ገምጋሚዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ በአካል ይመጣሉ።

ከእሑድ ጀምሮ አልነገርኳትም። ዛሬ ማታ «ስንት ነው» አላለችም። ካፖርቴን እስክሰቅል በዓይኗ ተከተለችኝና፣

«ተቀይመኸኛል እንዴ?» አለች።

«ሥራ በዝቶብኛል።»

«መቼ ያልበዛብህ ቀን አለ፣ አንተዬ?» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ታውቃለች። ማወቄን ታውቃለች።

ወር 23፣ ሐሙስ

ከልጄ ጋር ተጋጨን። የአሥሩን ዓመት የማታ ንባብ «የጎደለ» ብለን እንለፈው ትላለች። ምክንያት አያስፈልገውም፤ ማንም አይጠይቅም።

«ማስጠንቀቂያው የሚሠራው በማታው ቁጥር ነው» አልኳት። «ታች ያለው መንደር የሚተኛው በዚያ ቁጥር ነው። የተፈጠረ ከሆነ የተፈጠረ ተብሎ ይጻፋል።»

«ይጻፍ። እኔ አይጻፍ አላልኩም። እማዬ ትሰማለች ነው ያልኩት። አሁን፣ እንዲህ ሆና ሳለ።»

«ፉጨትን ለሦስት ቀን ነው ያባረርኩት።»

«አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር እኮ። ቢያንስ አስቀድመው ያነጋግሯት። እንደ ኃላፊ አይደለም። እንደ ሰው።»

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ እኔም ዝም ልበል ብዬ አስቤ ነበር። የእሷን ክብር ለመጠበቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ «አንድም ቀን ሳይቋረጥ» የምትለዋ ቃሌ ነበረች።

ወር 23፣ ሰኞ

ከፉጨት ዘንድ ሄድኩ። አሁን ጎሚስታ ነው፤ ማቆሚያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። እጁ ጥቁር በጥቁር። ሲያየኝ ማፏጨቱን አቆመ።

«ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ቀን፣ በስንት ሰዓት ነበር የመጣው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ዓይን አለህ ተባልኩ?»

«አለህ።»

«በዘጠኝ ሰዓት። ስለ ሦስቱ ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ጊዜ ደጅዎ መጥቻለሁ፤ ልጄ ሆስፒታል ገብታ እንደነበር እንኳ አላስጨረሱኝም።» ጎማውን ውሃው ውስጥ አገላበጠ። አረፋው ሲወጣ ጣቱን ጫነበት። «እትዬ ደህና ናቸው?»

«ታማለች።»

«ደረጃው ላይ የወደቁ ጊዜ ነው ያ እግር የተበላሸው። በጊዜው ቢታዩ ኖሮ።»

የትኛው ደረጃ ላይ ነው የወደቀችው አልኩት። አለማወቄ ገረመው። ከወንዝ ማዶ ሆኖ አይቷት፣ ተሻግሮ ደርሶላት ነበር። መሐል ደረጃው ላይ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣለች። «እትዬ፣ ይቀመጡ፣ እኔ ወርጄ አንብቤ ልምጣ» አላት። እምቢ አለች። እየተንፏቀቀች ወርዳ አንብባ ወጣች።

«ከዚያ በኋላም ነግሬአቸዋለሁ» አለ። «ይንገሯቸው፣ አልቻልኩም ይበሉ አልኳቸው። ‹ያባርረኛል› አሉኝ። እኔም፣ እትዬ፣ ሚስት ትባረራለች እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ‹አታውቀውም› አሉኝ።»

ለእኔ ግን እቤት ውስጥ ተደናቀፍኩ ነበር ያለችኝ። «ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ» አልኳት። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ወር 23፣ ማክሰኞ

ግምገማው ነገ ነው። እውነቱን እናገራለሁ፤ ወስኛለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሄጄ አነጋግራታለሁ። ዛሬ ባደርገው የምናገረው ይጠፋብኛል። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ።

ማታ 1 ሜትር ከ84። ተኝታ ነበር። ወይም ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ወር 23፣ ረቡዕ

የለችም።

ወር 23፣ እሑድ

ሰዎች ሄደዋል። ልጄ ተኝታለች። የረቡዕን እንደ ሆነው እጽፋለሁ።

ጠዋት ስወጣ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል። «ማታ ትመጣለህ አይደል?» አለች። «የት እሄዳለሁ?» አልኳት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እኔና ልጄ ወጣን።

ስልኮቹ ካርቶኗ ውስጥ ገቡ። የገምጋሚዋን ስልክ ጭምር ተቀበልኩ፤ ደንብ ደንብ ነው። ልጄ ስልኳን እንደ ያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ዛሬ የእኔ ይቅር። ምናልባት ከቤት...»

«ለአንቺ የተለየ ደንብ የለም» አልኳት።

አስገባችው።

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። የአሥር ዓመት የማታ ንባብ ሐሰት ነው አልኩ። አንባቢዋ ሚስቴ ናት፣ ኃላፊው እኔ ነኝ፣ መዝገቡ ያልተቋረጠ ነው ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ልጄ ቃል በቃል ተረጎመችው። «ሚስቴ» የሚለው ላይ ስትደርስ «እናቴ» አለች። አላረምኳትም።

ፕሮጀክቱ ይሰረዛል ብዬ ነበር። ገምጋሚዋ ለረጅም ጊዜ ወረቀቷ ላይ ጻፈችና ቀና አለች። የራሱን መዝገብ መርምሮ ስህተቱን ራሱ ያወጣ ተቋም እስካሁን አላየሁም፤ እኛ አቅም ተገነባ የምንለው ይህንን ነው አለች። ከዚያ አጨበጨቡልኝ። ቆሜ ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ካርቶኗን ስንከፍት የልጄ ስልክ ላይ አሥራ ሦስት ጥሪ ነበር። የመጀመሪያው በዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነው፤ እኔ ለመናገር የተነሳሁበት ሰዓት። የመጨረሻው በአሥር ከሃያ። ልጄ መልሳ ደውላ መርዶውን ሰማች።

ጸሐፊዋ ስታለቅስ፣ በስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ከአፌ ወጣ። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ያለችውን መስማቴ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፤ ፊቷን ሸፈነች።

ወር 24፣ ረቡዕ

ልጄ አታናግረኝም። ሻይ ታቀርባለች። ትሄዳለች።

ወንዙን ለማንበብ ወረድኩ። መሐል ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስልሳ አንደኛው ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ቀሪው ሃምሳ አምስት። እርጥብ ሲሆን ለጤነኛ ሰውም ያስቸግራል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስወጣ ስወርድበት የያዝኩት ድጋፍ የለም። መደገፊያ ብረት ቢተከል በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ማን ይጠይቀኛል?

ወር 24፣ ዓርብ

ለኅብረቱ የምናስረክበው ሰነድ ላይ ለእያንዳንዱ የማያገለግል ቁጥር ምክንያት ይጻፋል። የመጀመሪያው ዓመት ለምን ንጹሕ እንደ ሆነ ልጄ አላገኘችውም ነበር። እኔ አገኘሁት። የሚስቴ የመጨረሻው እውነተኛ ንባብ ካለበት ገጽ፣ «አስተያየት» ከሚለው ዓምድ። በራሴ ጽሕፈት፣ በቀይ፦

«የማታ ንባብ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል። አንባቢዋ ተግሣጽ ተሰጥቷታል።»

በማግስቱ ጠዋት ያነበብኩት 1 ሜትር ከ52 ነው። የማግስቱ ማታ 1 ሜትር ከ53። ከዚያ ወዲያ ለአሥር ዓመት አልዘገየችም።

ሃያ ደቂቃ። እየተንፏቀቀች ሃምሳ አምስት ደረጃ ወርዳ፣ አንብባ፣ መቶ አሥራ ስድስት ወጥታ።

ልጄ በሰነዱ ላይ «አንባቢዋ በሕመም ምክንያት» ብላ ነበር። ሰረዝኩት። እንዲህ ጻፍኩ፦ «አንባቢዋ መውረድ አልቻለችም። አልቻልኩም ብላ ልትነግረው የምትችለው ኃላፊ አልነበራትም።» ስሜን ከሥሩ አኖርኩ።

ልጄ አነበበችው። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነበር፤ አልዘጋንም።

ወር 24፣ እሑድ

ልብስ ሰፊዋ መጣች። ስትፈራ ስትቸር ቆየችና፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ፣ አይቆጡኝ» አለች።

ቁጣዬን እየሰማች የኖረች ጎረቤት ናት፤ ብትፈራ አልፈርድባትም። አልቆጣም አልኳት።

«ያን ቀን፣ መጨረሻዋ ላይ፣ መሽቷል እንዴ አለችኝ። መሽቷል አልኳት፤ ገና ፀሐይ ነበር። ‹መጣ እንዴ? ስንት ነው አለ?› አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ኋላ ወንዙን መሆኑ ገባኝ። እኔ ደግሞ የወንዝ ነገር ምን አውቃለሁ? ዝም ብዬ ‹አንድ ሜትር ተኩል ነው አሉሽ› አልኳት። ‹ነገረኝ?› አለች። ‹ነገረሽ› አልኳት። ‹ቀንሷላ› አለች። ደስ አላት። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ የፈጠራ ነው።»

ከሄደች በኋላ መሣሪያው የመዘገበውን አየሁ። ረቡዕ በአሥር ሰዓት ወንዙ 1 ሜትር ከ92 ነበር። አልቀነሰም፤ ጨምሯል።

መዝገቡ ላይ 1 ሜትር ከ92 አለ፤ እንዳለ ይቆያል። እዚህ ደብተር ላይ ግን፣

ረቡዕ፣ ማታ፦ 1 ሜትር ከ50። ተነግሯታል።

አላርመውም።